ተሸንፎ ወደ ቤት የማይኬድበት ውድድር

ጓደኞቼ፣ አንድ ነገር ገብቶኝ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አቃተኝ። ስለ ክርክር ውድድር ነው። ቆይ፣ ፊታችሁን አታዙሩ!

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክርክር ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ያው ነው። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ይንጫጫል። ሁለት ምላሰኛ ልጆች ይወጣሉ። አንዱ “ገጠር ይሻላል” ይላል፤ ሌላዋ “የለም፣ ከተማ ነው” ትላለች። ሰልፉ ያጨበጭባል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። ሁለት ልጅ ተናገረ፣ የቀረው ሁሉ ሰማ። በሚቀጥለው ጊዜስ ማን ይወጣል? እነዚያው ሁለቱ!

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይኼ ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ዝም የምትለዋ ልጅ፣ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ እኛ ከተማ ሻንቶ ድረስ እየተመላለሰ የሚማረው ልጅ፣ እነሱም ቆመው የሚከራከሩበት፣ ግን አሸናፊና ተሸናፊ ያለበት እውነተኛ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል? ሁሉም ይናገር ካልን ውድድሩ ይላላል፤ ውድድሩ ይጥበቅ ካልን ደካማው ቶሎ ይባረራል። እኔ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ብዬ ነበር። ይሄዳሉ! ያውም ወጪው ጠመኔና ወረቀት ነው።

እስቲ ከአንዱ ግጥሚያ እንጀምር። በዓለም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት ትልቁ መድረክ የዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ሻምፒዮና ይባላል፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። አሠራሩን ዛሬ ብዙ አገሮች ለየራሳቸው ውድድር ይጠቀሙበታል። አንድ ቡድን ሦስት ተናጋሪ ያወጣል። አንዱ ቡድን ርዕሱን ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። እያንዳንዱ ተናጋሪ 8 ደቂቃ አለው። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ እያሉ ስድስቱም ይናገራሉ። በመጨረሻ ከየቡድኑ አንድ ሰው ለ4 ደቂቃ “እኛ ያሸነፍነው በዚህ በዚህ ነው” ብሎ ይቋጫል። ደምሩት፤ ስድስት ጊዜ ስምንት 48፣ ሁለት ጊዜ አራት 8። 56 ደቂቃ! ከአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙም አይርቅም።

አሁን እዚህ ጋ ቆም በሉ። 8ቱ ደቂቃ የማን ነው? የተናጋሪዋ ነው። አፈ ጮሌው ልጅ ሊነጥቃት አይችልም። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በስተቀር ተቃራኒው ቡድን ብድግ ብሎ አጭር ጥያቄ ለማቅረብ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ግን ፈቃዱ የእሷ ነው። “እሺ” ልትለው ትችላለች፣ በእጇ ምልክት “ተቀመጥ” ልትለውም ትችላለች። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታ የማታውቅ ልጅ ለስምንት ደቂቃ የምታዝበት ቦታ ሌላ የት አለ? ዓይን አፋርን ልጅ “አይዞሽ፣ ተናገሪ” እያሉ ከመገፋፋት ይልቅ ሰዓት አስይዞ ተራዋን መስጠት ይሻላል፤ የእኔ እምነት ይኼ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር መጀመሪያ ስሰማው አልተዋጠልኝም ነበር፤ ሲገባኝ ግን በጣም ወደድኩት። የምትደግፈውን ወገን አንተ አትመርጥም! ሳንቲም ይጣላል፤ አንበሳ ከሆነ ትደግፋለህ፣ ካልሆነ ትቃወማለህ። ልብህ የሚያምነው ምንም ይሁን ምን። “ልጆቹን ማስዋሸት አይሆንም ወይ?” ትሉ ይሆናል። ስኳር ድንች ለሁለት ልጆች እንዴት እንደሚካፈል አስቡ። ብልህ እናት አንዱን “አንተ ቁረጥ” ትለዋለች፣ ሌላውን “አንተ ቀድመህ ምረጥ”። የቆረጠው የትኛው ቁራጭ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ዓይኑን አፍጥጦ እኩል ይቆርጣል። ተከራካሪውም የትኛው ወገን እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁለቱንም እኩል ያጠናል። ገባችሁ? ሳንቲሟ የተጣለችው ልጆቹ እንዲዋሹ አይደለም፤ የማይወዱትን ሐሳብ ከሚወዱት እኩል እንዲመረምሩት ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ለልጆቻችን ቅርብ የሆነ ርዕስ ልውሰድ። “የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱ መቀጠል አለበት።” ደጋፊው ይነሳል፤ “በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ አልተሰረዘም ወይ? ግቢ ውስጥ ገብተው ሲፈተኑ ያ በር ይዘጋል” ይላል። ተቃዋሚዋ ትነሳለች፤ “የ2014 ተፈታኞች መጀመሪያ ግቢ የገቡ ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ከቤቱ ርቆ፣ በማያውቀው አልጋ አድሮ የሚፈተን ልጅ ችሎታው ይታያል ወይ?” ትላለች። ጥሩ ተናገረች አይደል? ሁለተኛው ደጋፊ ይመጣል። ቁጥሯን አይክዳትም፤ ከእጇ ይወስዳታል! “አዎ፣ 3.3 በመቶ። ይኼ የሚያሳየው ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት ምን ያህል እንዳታለለን ነው። በሽታውን ያየነው ፈተናው ግቢ ስለገባ ነው” ይላል። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፍቺ! ኳሷ ደግሞ ወደ ተቃዋሚዋ ጓደኛ ተመለሰች። እሷ ምን ማለት እንዳለባት እስቲ አስቡበት፤ እኔ “ሁለቱንም ምክንያት የምትለይበት ማስረጃ አምጣ” ባልኩት ነበር።

እንግዲህ የክርክሩ እምብርት ይኼ ነው። የራስን ሐሳብ መናገር ማንም ይችላል። የሌላውን ንግግር በደንብ ሰምቶ ጎንበስ ብሎ ጽፎ፣ ያንኑ ነጥብ አንስቶ መመለስ ግን ሥልጠና ይፈልጋል። ሦስተኛው ተናጋሪ አዲስ ነገር ለማምጣት እምብዛም አይቆምም፤ ሥራው እስካሁን የተባለውን መመዘንና መመለስ ነው። ስለዚህ የቡድኑ ጎበዝ አድማጭ ሦስተኛ ይሰለፋል። ያቺ ዝም የምትል ልጅ ቦታዋ ተገኘ ማለት አይደል?

ይኼ ሁሉ ደግሞ ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። በድሮ ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ቀርበው “በላ ልበልሃ” እየተባባሉ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ዳኛ ይሆን ነበር። በወላይታም ጉዳይ ያለው ሰው ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ተራውን ጠብቆ የሚናገርበት ጉታራ አለ። ተራ መጠበቅ፣ ሰምቶ መመለስ፣ የዳኛ ፍርድ መቀበል፤ ያለን ነገር ነው። የ97ቱን የምርጫ ክርክር በቴሌቪዥን ለማየት ያልተሰበሰበስ ማን ነበር? የሌለን ልጆች በየሳምንቱ የሚለማመዱበት ሥርዓት ነው።

ወደ ዳኛው ልለፍ። ዳኛ “ማን እውነት አለው?” ብሎ አይፈርድም። “ዛሬ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ማን አሳመነ?” ነው ጥያቄው። ለአንድ ንግግር ዝቅተኛው ነጥብ 60፣ ከፍተኛው 80 ነው፤ መካከለኛ ንግግር 70 ያገኛል። ከመቶ 40ው ለይዘት፣ 40ው ለአቀራረብ፣ 20ው ለስልት ነው። ለምን ከዜሮ እስከ መቶ አልሆነም? እኔም ጠየቅሁ። ነጥቡ በጠባብ አጥር ውስጥ ካልተያዘ አንዱ ቸር ዳኛ 95 ይሰጣል፣ ሌላው ቆንጣጣ 40 ይሰጣል፤ ያኔ ነጥቡ የሚነግረን ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ዳኛው ጠባይ ይሆናል። ይዘትና አቀራረብ እኩል መሆናቸውንም ልብ በሉ፤ ድምፁ ያማረ ልጅ ባዶ ነገር እያወራ አያመልጥም። ከፍርዱ በኋላ ዳኛው ቁጭ ብሎ “አንቺ እዚህ ጋ ጥሩ መለስሽ፣ እዚህ ጋ ግን የጠየቁሽን ዘለልሽው” ብሎ ያስረዳል። እንደ እኔ እንደ እኔ ከዋንጫው ይልቅ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ተጠጉ።

16 ቡድን አለ እንበል። በለመድነው ጥሎ ማለፍ ካወዳደርናቸው መጀመሪያው ዙር ላይ ስምንቱ ይሸነፋሉ፤ አንድ ጊዜ ተከራክረው ወደ ቤታቸው! ከእነዚያ ውስጥ የሚበዙት እነማን ናቸው? አሠልጣኝ የሌላቸው፣ ቤተ መጻሕፍት የሌላቸው፣ ገና የጀመሩ። ማለትም ልምምዱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋቸው። ጥሎ ማለፍ ልምድ የሚሰጠው ልምድ ላለው ነው። ታዲያ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይግጠም? 120 ግጥሚያ ይሆናል፤ ሴሚስተሩ ያልቃል።

መሐል ላይ ያለው መንገድ የስዊስ ዘዴ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ በተደረገ የቼዝ ውድድር ነው መጀመሪያ የተሠራበት። ሕጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ማንም አይባረር፤ በየዙሩ እኩል ያሸነፈ እኩል ካሸነፈ ጋር ይግጠም። በቃ!

እኔ ይኼ የገባኝ ጠረጴዛ ላይ 16 የቦሎቄ ፍሬ ደርድሬ ነው። እናንተም ሞክሩት። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጋጥሟቸው፤ ያሸነፈውን ወደ ቀኝ፣ የተሸነፈውን ወደ ግራ ግፉ። በስተቀኝ 8፣ በስተግራ 8። ሁለተኛ ዙር፦ የቀኞቹ እርስ በርስ፣ የግራዎቹ እርስ በርስ ይግጠሙ። ያሸነፈ አንድ ወደ ቀኝ፣ የተሸነፈ አንድ ወደ ግራ። ከቀኝ ወደ ግራ ቁጠሩ፤ 4፣ 8፣ 4። ሁለት ያሸነፉ አራት፣ አንድ ያሸነፉ ስምንት፣ ምንም ያላሸነፉ አራት። ሦስተኛ ዙር፦ 2፣ 6፣ 6፣ 2። አራተኛ ዙር፦ 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1።

አያችሁት? ከቀኝ ጫፍ አንዲት ፍሬ ብቻዋን ቀረች፤ አራቱንም ያሸነፈች፣ ሻምፒዮን። ዋንጫ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ያለ ፍጻሜ ጨዋታ ታወቀ! ግን እኔን ያስደነገጠኝ የቀኙ ጫፍ አይደለም፤ የግራው ነው። እዚያም አንዲት ፍሬ ብቻ ናት። ከ16 ቡድን ምንም ሳያሸንፍ የሚመለሰው አንድ ብቻ ነው! 15ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ “አሸናፊው...” ተብሎ ስማቸው ተጠርቷል። በጥሎ ማለፉ እኮ ምንም ሳያሸንፍ የሚሄደው ስምንት ነበር። ያቺ የግራዋ ቡድንም ብትሆን አራት ጊዜ ሙሉ ተከራክራለች፤ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ደግሞ የገጠመችው ከሚመጥኗት ጋር ነው። ፍሬዎቹን አፍሼ እንደገና ደረደርኳቸው፤ ማን ማንን ቢያሸንፍ ቁጥሩ ያው ነው። 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1።

አንድ ነገር ልጨምር። በአራተኛው ዙር ሦስት ያሸነፉት ሁለቱ ይገናኛሉ። ቀደም ሲል ተጋጥመው ቢሆንስ? ሊሆን አይችልም! ተጋጥመው ቢሆን ኖሮ አንዳቸው ይሸነፉ ነበር፤ ሁለቱም ግን አልተሸነፉም። ሁለቱ ጫፎች ላይ ዘዴው ራሱን በራሱ ይጠብቃል። በመሐል ያሉት በድል ብዛት እኩል ሲሆኑ የተናጋሪዎቹ ነጥብ ተደምሮ ይለያቸዋል። ይኼን ሁሉ የሚደለድል ታቢካት የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራምም አለ፤ ለ16 ቡድን ግን ጥቁር ሰሌዳ ይበቃል።

ግጥሚያውን በሙሉ ብንቆጥረው 32 ነው። 48 ልጅ፣ እያንዳንዱ አራት ጊዜ ቆሞ ይናገራል። ከሚኒ ሚዲያው ጋር አወዳድሩትማ!

“ሻንቶ ላይ ማን ያሠለጥናል?” ይኼ ነው ከባዱ ጥያቄ፣ ሌላ ቦታም ያጋጠመ ነው። አሜሪካ ውስጥ የክርክር ውድድር ለረጅም ጊዜ የደህና ትምህርት ቤቶች ልጆች ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 አትላንታ ላይ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ከከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር ተስማማና የዩኒቨርሲቲው ተከራካሪዎች ልጆቹን ማሠልጠን፣ መዳኘት ጀመሩ። ከዚያ ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ቅርባችን ሩዋንዳ ውስጥም አይዲቤት ሩዋንዳ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ክርክር ያሠለጥናል። ለእኛስ? ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው! ሥራ ከጀመረም ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቅዳሜን ሰውቶ ቢመጣ የሚያስፈልገው የመኪና ክፍያና ምሳ ነው።

“ኢንተርኔት የለም፣ መጽሐፍ የለም” የምትሉኝ ደግሞ ይኼን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ጥብቅ እስር ቤት ያሉ ሦስት ታራሚዎች የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የክርክር ቡድን አሸንፈዋል። በባርድ ኮሌጅ ፕሮግራም እስር ቤት ሆነው የሚማሩ ሰዎች ናቸው። ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ የሚያነቡትን መጽሐፍና ጽሑፍ እንኳ የእስር ቤቱ አስተዳደር እስኪፈቅድላቸው መጠበቅ ነበረባቸው። ያውም የደረሳቸው ወገን የማያምኑበት ነበር! በዓለም ሻምፒዮናውም ቢሆን ከርዕሶቹ ከፊሎቹ ድንገተኛ ናቸው፤ ቡድኑ አንድ ሰዓት ተሰጥቶት ያለ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ይዘጋጃል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሻንቶ ከሌላው ዓለም የሚስተካከልበት ውድድር ብትፈልጉ አገኛችሁት።

የቀረው የቋንቋ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ እኔ አቋም አለኝ። ዓለም አቀፉ ውድድር በእንግሊዝኛ ነው። የትምህርት ቋንቋውም እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው “በእንግሊዝኛ ይከራከሩ፣ ቋንቋም ይለምዱበታል” ይላል። ለመጀመሪያው ዓመት ግን አይመስለኝም። ልጅ ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አይማርም፤ መመከትን ይማር ወይስ ግሥ ማርባትን? በወላይትኛ ይጀምሩት፣ ወይ በአማርኛ። ሐሳብ ተቀብሎ መመለስ እጃቸው ከገባ በኋላ እንግሊዝኛው ይከተላል። የዓለም ሻምፒዮናው ራሱ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም የውጭ ቋንቋቸው ለሆነ ቡድኖች ለየብቻ ሽልማት አለው፤ ቋንቋ ሸክም መሆኑን እነሱም ያውቁታል። ዳኛውም ቢሆን “እንግሊዝኛዋ ተሰባበረ” ብሎ ነጥብ እንዲቀንስ አይፈቀድለትም፤ የሚመዘነው መልእክቱ መድረሱ ነው።

ለመጀመር ደግሞ 16 ቡድን አያስፈልግም። በ8 ቡድን በሦስት ዙር ይሆናል፤ ፍሬዎቹን ደርድሯቸው፣ 1፣ 3፣ 3፣ 1 ይመጣላችኋል። 24 ልጅ፣ አራት ክፍል፣ አራት ዳኛ፣ ሰዓት የሚይዝ አራት ስልክ። ሦስቱንም ዙር አንድ ቅዳሜ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ መጨረስ ይቻላል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ በጎ ፈቃደኛ ማሟያ ቡድን ይገባል።

ስለዚህ ከእናንተ ውስጥ አስተማሪ የሆነ ከርእሰ መምህሩ ክፍሎቹን ያስፈቅድልን። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ወንድም ወይ እህት ያለው ለአንድ ቅዳሜ ዳኝነት ይጠይቅልን። ርዕስ ያለው ርዕስ ያምጣ፤ ሁለቱም ወገን እኩል የሚናገርበት ይሁን እንጂ። የነጥብ መሙያ ወረቀቱን እኔ አባዛለሁ።